ዓይን መለኪያ አይደለም፤ በቤት ስለሚሠራ የሌዘር ጠቋሚ የቀረበ ንግግር



የኤሌክትሮኒክስን ሙያ የሚወድ ሰው በትርፍ ጊዜው አንድ ነገር በገዛ እጁ ሠርቶ ለማየት ያለው ጉጉት ለሙያው ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ እንዳለው የታወቀ ነው። ባለፉት ትውልዶች ይህ ጉጉት የሚረካው በክሪስታል ሬዲዮ፣ በትንሽ የድምፅ ማጉያ ወይም በበር ደወል ነበር። ዛሬ ግን ከጣት በማይበልጥ ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ቀይ ነጥብ የሚጥለው የሌዘር ጠቋሚ በነዚያ ቦታ ተተክቷል። ዕቃው በርካሽ ይገኛል፤ ሰርኪቱ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ያሉት ነው፤ ውጤቱም ወዲያው ለዓይን ይታያል።

ይሁን እንጂ በሁለቱ ሥራዎች መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ሬዲዮ የሚሠራ ሰው ቢሳሳት ብዙውን ጊዜ የሚያጣው አንድ ትራንዚስተር ነው። ሌዘር የሚሠራ ሰው ቢሳሳት ግን የሚያጣው የዓይኑን ብርሃን፣ ይባስ ብሎም ምንም የማያውቀውን የጎረቤቱን ልጅ ዓይን ሊሆን ይችላል። የችግሩም ሥር ከሠሪው ልማድ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም ሠሪው የሥራውን ውጤት የሚመዝነው በዓይኑ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ ግን ከዓይን ይበልጥ የሚያታልል መለኪያ የለም። ስለሆነም የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የሌዘር ጠቋሚ ለመሥራት የተነሣ ሰው ከብርሃኑ አስቀድሞ መለኪያውን ሊሠራ ይገባዋል።

ከላቦራቶሪ ወደ ጠረጴዛ

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት ሌዘር በምን መንገድ ተጉዞ በትርፍ ጊዜ ሠሪው ጠረጴዛ ላይ እንደ ደረሰ ባጭሩ መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉልበት ያዘለ አቶም በአጠገቡ በሚያልፍ ብርሃን ተቀስቅሶ ያንኑ የመሰለ ብርሃን ሊያወጣ እንደሚችል በ1917 ያመለከተው አልበርት አይንስታይን ነው። አርተር ሾውሎውና ቻርልስ ታውንስ ይህ ሐሳብ በሚታይ ብርሃን ላይ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል በ1958 በጽሑፍ አቀረቡ። ከዚያም ቲዎዶር ማይማን በካሊፎርኒያ ማሊቡ በሚገኘው የሂውዝ ምርምር ላቦራቶሪ ግንቦት 16 ቀን 1960 የመጀመሪያውን ሌዘር ከሩቢ ድንጋይ አበራ። በ1962 ደግሞ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሮበርት ሆልና ኒክ ሆሎኒያክ ሌዘርን ከሴሚኮንዳክተር ማውጣት ቻሉ። የሆል ብርሃን ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ሲሆን፣ የሆሎኒያክ ግን ቀይ ነበር። እነዚህ የመጀመሪያ ዳዮዶች በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዘው ለቅጽበት ብቻ የሚያበሩ ስለነበሩ ከላቦራቶሪ ሊወጡ አልቻሉም።

ያም ሆኖ የትርፍ ጊዜ ሠሪዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» የተባለው መጽሔት ለአማተር ሳይንቲስቶች በመደበው ዐምድ በ1964 የሂልየምና የኒዮን ጋዝ ሌዘር በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ አስተምሮ ነበር። ሥራው የመስታወት ቱቦ መቅረጽን፣ አየር መምጠጫ ፓምፕን፣ በሺህ የሚቆጠር ቮልትንና ብዙ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር። በዚህ ሥራ የተጠመደ ሰው ብርሃኑን ከማየቱ በፊት ስለ አደጋውም የሚያነብበትና የሚያሰላስልበት በቂ ጊዜ ነበረው። ድካሙ ራሱ አስተማሪ ነበር ለማለት ይቻላል።

ሁኔታው የተለወጠው በ1970 ነው። በዚያ ዓመት በሌኒንግራድ ዞሬስ አልፊዮሮፍና ባልደረቦቹ፣ በአሜሪካም በቤል ላቦራቶሪዎች ኢዙኦ ሀያሺና ሞርተን ፓኒሽ፣ በተለመደ የክፍል ሙቀት ሳያቋርጥ የሚያበራ የሌዘር ዳዮድ ሠሩ። ከዚህ በኋላ ዳዮዱ ወደ ፋብሪካ ገባ። የሲዲ ማጫወቻ በ1982 በጃፓን ለገበያ ሲቀርብ የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር የሆነ የሌዘር ዳዮድ በሆዱ ይዞ ነበር፤ በ1996 የመጣው ዲቪዲም 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ዳዮድ ይዞ መጣ። ዛሬ ከአሮጌ ዕቃ ተራ የተገዛ አንድ የተበላሸ ማጫወቻ የማይማንን ዘመን ሊቃውንት የሚያስቀና ዳዮድ ይገኝበታል። ቀድሞ ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ በዚያው መጠን ሠሪው የሚጠነቀቅበትና የሚያስብበት ጊዜም አጥሯል።

የሌዘር ዳዮድ ጠባይ

የሌዘር ዳዮድ ሲያዩት ተራ የብርሃን ዳዮድ ይመስላል። ጠባዩ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ዝቅተኛ ሲሆን ደብዘዝ ያለና የተበተነ ብርሃን ብቻ ይሰጣል። ፍሰቱ አንድ ወሰን ሲያልፍ ግን፣ ሰው የበሩን ደፍ ተሻግሮ ወደ ሌላ ክፍል እንደሚገባ ሁሉ፣ ዳዮዱም በአንድ ጊዜ ሌዘር ይሆናል። ከዚህ ደፍ በላይ ብርሃኑ በከፍተኛ ፍጥነት ያድጋል። በአንዳንድ ትናንሽ ቀይ ዳዮዶች ላይ የ5 ሚሊአምፔር ጭማሪ ብቻ ጥቂት ሚሊዋት ብርሃን ይጨምራል። በተራ የብርሃን ዳዮድ ላይ ከቁጥር የማይገባ ስሕተት እዚህ ዳዮዱን ከደህንነት ክልል ለማውጣት ይበቃል።

ሁለተኛው ጠባይ ከብርሃኑ መውጫ ጥበት የሚመጣ ነው። ብርሃኑ የሚወጣበት የክሪስታሉ ጫፍ ስፋት 3 ካሬ ማይክሮሜትር ያህል ቢሆንና በዚያ በኩል 5 ሚሊዋት ቢያልፍ፣ ጥግግቱ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ100 000 ዋት በላይ ይደርሳል። ፍሰቱ ለቅጽበት እንኳ ቢያሻቅብ ይህ መስታወታማ ጫፍ ይቃጠላል። የተቃጠለው ዳዮድ ፈጽሞ ባይጠፋም እንኳ ከዚያ በኋላ ሌዘር መሆኑ ይቀርና እንደ ተራ ዳዮድ ደብዝዞ ይበራል። በደረቅ ወራት ከሱፍ ልብስ የሚነሣውና ጣትን ቆንጠጥ የሚያደርገው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለዚህ ጥፋት በቂ ነው። በመሆኑም ዳዮዱ እስኪበየድ ድረስ እግሮቹ እርስ በርሳቸው በቀጭን ሽቦ ተያይዘው እንዲቆዩ፣ ሠሪውም እጁን ከመሬት ጋር በተያያዘ ማሰሪያ እንዲያስር ይመከራል።

ሦስተኛው ጠባይ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ዳዮዱ ሲሞቅ ደፉ ከፍ ይላል፤ ሲቀዘቅዝም ዝቅ ይላል። ስለዚህ በሞቃት ቀትር ተስተካክሎ የተዘጋ ጠቋሚ በማለዳ ቅዝቃዜ በዚያው ፍሰት የበለጠ ብርሃን ይሰጣል። ፋብሪካዎች ይህን የሚያርሙት በዳዮዱ ማቀፊያ ውስጥ ብርሃኑን የሚጠብቅ ሌላ ትንሽ ዳዮድ በመጨመር ነው። ብዙ የሌዘር ዳዮዶች ሦስት እግር ያላቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለጀማሪ ግን በብረት ቱቦ ውስጥ በደንብ ተጣብቆ ሙቀቱን የሚያስተላልፍ ዳዮድና ልኩ የታወቀ ቋሚ ፍሰት ይበቃዋል።

ፍሰቱን ስለ መወሰን

ቋሚ ፍሰት ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ኤል ኤም 317 በተባለው ባለሦስት እግር የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ መጠቀም ነው። ይህ ክፍል በመውጫውና በማስተካከያ እግሩ መካከል ሁልጊዜ 1.25 ቮልት ያህል ይጠብቃል። በሁለቱ እግሮች መካከል አንድ ሬዚስተር ቢገባና ዳዮዱ ከማስተካከያው እግር ቢቀጠል፣ በዳዮዱ የሚያልፈው ፍሰት 1.25 ለሬዚስተሩ ተካፍሎ የሚገኘው ይሆናል። የ68 ኦም ሬዚስተር 18.4 ሚሊአምፔር፣ የ56 ኦም 22.3፣ የ47 ኦም ደግሞ 26.6 ሚሊአምፔር ይሰጣል።

የዳዮዱ ሰነድ ከ30 ሚሊአምፔር በላይ እንዳያልፍ የሚከለክል ነው እንበል። 47 ኦም የመጨረሻው ወሰን የሚሆንበት ምክንያት በስሌት ይታያል። ሬዚስተሩ በመቶ 5 ቢያንስ 44.65 ኦም ይሆናል፤ መቆጣጠሪያውም በሰነዱ በተፈቀደለት ከፍተኛ ልክ 1.30 ቮልት ቢሰጥ ፍሰቱ 29.1 ሚሊአምፔር ይደርሳል። ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ጊዜ ወደ ክፉው ወገን ቢያዘነብሉ እንኳ ወሰኑ አልተጣሰም ማለት ነው። ጥሩ ሠሪ ወሰኑን የሚያሰላው እንዲህ ነው።

ስለ ባትሪውም ማሰብ ያሻል። ቀዩ ዳዮድ 2.2 ቮልት ያህል፣ ሬዚስተሩ 1.25፣ መቆጣጠሪያው ራሱም ወደ 2 ቮልት ስለሚወስዱ በጠቅላላው ከ5 ቮልት ተኩል ያላነሰ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለት የባትሪ ድንጋይ አይበቃም፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ግን ይበቃል።

ሰርኪቱ እንደ ተሠራ የሌዘር ዳዮዱን መቀጠል ከስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው። በመጀመሪያ በሌዘሩ ቦታ ሦስት ተራ የሲሊከን ዳዮዶችና አንድ የ1 ኦም ሬዚስተር ተከታትለው ይገባሉ። ከዚያም በ1 ኦሙ ሬዚስተር ላይ ያለው ቮልቴጅ የጥገና ሠራተኞች ቴስተር በሚሉት መልቲሜትር ይለካል። የሚነበበው እያንዳንዱ ሚሊቮልት አንድ ሚሊአምፔር ነው። ባትሪው ደጋግሞ ሲበራና ሲጠፋ ንባቡ ሳይዘል ከጸና ሰርኪቱ ፈተናውን አልፏል። የሌዘር ዳዮዱ የሚቀጠለው ባትሪው ተነቅሎ፣ በመውጫው ላይ ማረጋጊያ ካፓሲተር ካለም እግሮቹ ተነካክተው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ባዶ ቦታ ላይ ሲሠራ የቆየ ሰርኪት ካፓሲተሩን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ አስጠግቶ ይሞላዋል፤ በዚህ ጊዜ ዳዮዱ ቢነካው ያ ሁሉ ክምችት በቅጽበት ይወርድበታል።

ከዳዮዱ የሚወጣው ብርሃን ደግሞ ገና ቀጭን መሥመር አይደለም። በአንድ አቅጣጫ ጠበብ፣ በሌላው ሰፋ ብሎ እንደ ማራገቢያ ይበተናል። የትኩረት ርቀቷ 5 ሚሊሜትር ያህል የሆነች ትንሽ ሌንስ ከፊቱ ስትቀመጥና በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ ስትስተካከል የተበተነው ይሰበሰባል። መሥመሩ በሩቁ ሳይሰፋ የሚሄደውም፣ አደገኛ የሚሆነውም ከዚህች ሌንስ በኋላ ነው።

ዓይን ለምን ይጎዳል

የዓይን ሌንስ ከሩቅ የሚመጣን ቀጥተኛ ጨረር በሬቲና ላይ ወደ አንዲት ነጥብ የመሰብሰብ ተፈጥሮ አለው። ጨለማ በሆነ ክፍል ብሌኑ እስከ 7 ሚሊሜትር ይከፈታል። በዚህ የገባው የሌዘር ጨረር በሬቲናው ላይ 0.02 ሚሊሜትር ያህል ወርድ ባላት ነጥብ ላይ ቢያርፍ፣ ጥግግቱ ከ100 000 ጊዜ በላይ ያድጋል።

ይህን ከፀሐይ ጋር ማነጻጸር ነገሩን ያብራራል። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ የፀሐይ ብርሃን በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 1000 ዋት ይጠጋል። ብሌኑ ወደ 3 ሚሊሜትር ጠብቦ ሳለ ፀሐይን ያየ ሰው ዓይን ውስጥ 7 ሚሊዋት ያህል ይገባል፤ የፀሐይዋም ምስል በሬቲናው ላይ 0.16 ሚሊሜትር ወርድ ይኖረዋል። የ5 ሚሊዋት ሌዘር በመጠኑ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም የሚያርፈው ስፋቷ ከስልሳ አንድ እጅ በማይበልጥ ነጥብ ላይ ነው። ስለዚህ በዚያች ነጥብ ላይ ጥግግቱ ከፀሐይ ወደ 45 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። የተቃጠለ ሬቲና ደግሞ እንደ ቆዳ ቁስል ሽሮ ወደ ነበረበት የሚመለስ አይደለም።

የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃዎች የተመሠረቱት በዚሁ ላይ ነው። ሰው በኃይለኛ ብርሃን ሲመታ በሩብ ሴኮንድ ገደማ ዓይኑን ይጨፍናል ወይም ፊቱን ያዞራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጉዳት አያደርስም ተብሎ ለሚታይ ብርሃን የተወሰነው 1 ሚሊዋት ነው፤ ይህም ሁለተኛው ክፍል ይባላል። እስከ 5 ሚሊዋት ያለው 3አር፣ ከዚያ እስከ 500 ሚሊዋት ያለው 3ቢ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ አራተኛ ክፍል ነው። ከዲቪዲ መጻፊያ የሚወጣ ቀይ ዳዮድ ከ100 ሚሊዋት በላይ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ዓይን ጨፈንኩ ከማለቱ በፊት ጉዳቱን ይጨርሳል። ከተራ ማጫወቻ የወጣው ዳዮድና ከመጻፊያው የወጣው በመልክ ይመሳሰላሉ። ምንጩና ሰነዱ ያልታወቀ ዳዮድ ለጠቋሚ ሥራ የማይሆነውም ስለዚህ ነው።

ዓይን ስለምን መለኪያ አይሆንም

እዚህ ላይ «ብርሃኑ ደካማ መሆኑን እያየሁት ምን ያሠጋኛል?» የሚል ይኖራል። መልሱ ዓይን ቀለሞችን ሁሉ በእኩል የማያይ መሆኑ ነው። ልኩ እኩል የሆነ የ532 ናኖሜትር አረንጓዴና የ650 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን ጎን ለጎን ቢቀርቡ፣ አረንጓዴው 8 ጊዜ ያህል የደመቀ መስሎ ይታያል። የ405 ናኖሜትር ወይን ጠጅ ብርሃን ከሁለቱም እጅግ ደብዝዞ የሚታይ ሲሆን፣ ኢንፍራሬድ ግን ከናካቴው አይታይም። ሬቲናን የሚያቃጥለው የሚገባው ጉልበት እንጂ የሚታየው ድምቀት አይደለም። እንዲያውም የማይታየው ይከፋል፤ ካልታየ ዓይን አይጨፈንምና።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሥጋት አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት፣ 10 ሚሊዋት ነው ተብሎ በርካሽ የተሸጠ አንድ አረንጓዴ ጠቋሚ ወደ 20 ሚሊዋት የሚጠጋ ኢንፍራሬድ ሲለቅ አግኝተዋል። ምክንያቱ የአረንጓዴው ጠቋሚ አሠራር ነው። በውስጡ ያለው ዳዮድ የሚሰጠው 808 ናኖሜትር የሆነ የማይታይ ብርሃን ሲሆን፣ ይህ በአንድ ክሪስታል ወደ 1064፣ በሌላው ደግሞ ወደ 532 ናኖሜትር ይለወጣል። ሳይለወጥ የቀረውን የሚያስቀር ማጣሪያ ካልተገጠመ የማይታየው ከሚታየው ጋር አብሮ ይወጣል። ይኸው ተቋም በ2013 ይፋ ባደረገው ውጤት ከተፈተኑት 122 ጠቋሚዎች መካከል ከአረንጓዴዎቹ በመቶ 90 የሚጠጉት፣ ከቀዮቹም በመቶ 44 ያህሉ የአገሪቱን የደህንነት ደንብ የማያሟሉ ሆነው ተገኝተዋል። የፋብሪካ ሥራ እንዲህ ከሆነ፣ ሳይለካ በቤት የተሠራው ምን ያህል ሊያሠጋ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

መለኪያው

ደግነቱ የብርሃን መለኪያ ከሌዘሩ ራሱ ይልቅ ለመሥራት ይቀላል። እንደ ቢ ፒ ደብልዩ 34 ያለ የሲሊከን ብርሃን ተቀባይ ዳዮድ ከመልቲሜትር ጋር በሚሊአምፔር መለኪያው በኩል ማያያዝ ብቻ ነው። ቀይ ጨረሩ ሙሉ በሙሉ በተቀባዩ ገጽ ላይ ሲያርፍ እያንዳንዱ ሚሊዋት 0.4 ሚሊአምፔር ያህል ይሰጣል። 2 ሚሊአምፔር የሚያሳይ መለኪያ ብርሃኑ 5 ሚሊዋት ገደማ መድረሱን ይመሰክራል። እንደ ላቦራቶሪ መሣሪያ ጥንቁቅ ባይሆንም አንዱን ሚሊዋት ከአምስቱ ይለያል፤ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድም ያያል።

ሥራው በዚህ መለኪያ ፊት ደረጃ በደረጃ ይካሄዳል። በ68 ኦም ይጀመራል፤ ንባቡ ይመዘገባል፤ ካነሰ ወደ 56 ኦም ይወረዳል። መለኪያው 0.4 ሚሊአምፔር እንዳሳየ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ነጥብ ደመቀም ደበዘዘም፣ ሥራው አልቋል። ሬዚስተሩን ለመቀነስ የሚገፋፋው ዓይን ነው፤ ቁም የሚለው መለኪያው ነው። ልኬቱ ክፍሉ ቀዝቃዛ በሆነበት በማለዳም ሊደገም ይገባል፤ ከላይ እንደ ተባለው ብርሃኑ የሚበረታው ያን ጊዜ ነውና።

የሞገድ ርዝመቱንም በአሮጌ ሲዲ መለካት ይቻላል። የሲዲ መሥመሮች ርቀት 1.6 ማይክሮሜትር ስለሆነ፣ ጨረሩ በቀጥታ ሲያርፍበት የ650 ናኖሜትሩ ቀይ በ24 ዲግሪ ያህል ተለይቶ ይወጣል። በ1 ሜትር ርቀት በቆመ ወረቀት ላይ ከመካከለኛው ነጥብ 44 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይታያል። ዲስኩ እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ፣ ፈተናው 1 ሚሊዋት በማያልፍ ጨረር፣ በጠረጴዛ ላይ በታሰረ ዲስክና ከቁመተ ሰው ዓይን በታች ይካሄዳል።

የሠሪው ኃላፊነት

ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ደህንነት ቢያንስ በሕግ የፋብሪካው ኃላፊነት ነው። በቤት የተሠራ ጠቋሚ ግን ፋብሪካውም፣ ተቆጣጣሪውም፣ አስጠንቃቂውም ሠሪው ብቻ ነው። ስለዚህ የተለካው ልክና የሞገድ ርዝመቱ በቱቦው ላይ ሊጻፍ፣ ማብሪያውም ጣት ሲለቀው ራሱ የሚጠፋ ሊሆን ይገባል። ለሕፃን መጫወቻ አይሰጥም፤ ወደ ተሽከርካሪም ሆነ ወደ አውሮፕላን አይነጣጠርም። በአሜሪካ በ2012 የወጣ ሕግ ወደ አውሮፕላን ሌዘር ማነጣጠርን እስከ 5 ዓመት እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል ያደረገው፣ በሌሊት የአብራሪን ዓይን ለአንድ አፍታ ማደንዘዝ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አደጋ ላይ ስለሚጥል ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ወጣቶችን የሚያስተምሩ የማኅበሩ አባላት ተማሪዎቻቸውን ከዚህ ሥራ ሊከለክሉ አይገባም፤ ክልከላው ጉጉቱን ከመምህሩ ዓይን ያርቀው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም። ይልቁንስ የሥራውን ቅደም ተከተል ሊያስተካክሉላቸው ይችላሉ። ተማሪው በመጀመሪያው ቀን የብርሃን መለኪያውን ሠርቶ በፀሐይና በእጅ ባትሪ ይሞክረው፤ በሁለተኛው ቀን ሰርኪቱን በሦስቱ ተራ ዳዮዶች ላይ ይፈትነው፤ የሌዘር ዳዮዱን በእጁ የሚቀበለው በሦስተኛው ቀን፣ የሁለቱን ቀናት ንባብ በደብተሩ ጽፎ ሲያቀርብ ይሁን።